ሲቪዎ እርስዎን ይምሰል፣ ግን ይነበብ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ተመርቄ በአንድ የንግድ ድርጅት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ወደ ባንክ የውስጥ ኦዲት መግባት እፈልጋለሁ። ሲቪዬን የሠራሁት ካንቫ የሚባለው የዲዛይን ድረ ገጽ ላይ ባገኘሁት ቴምፕሌት (ዝግጁ ቅርጽ) ነው፤ ሁለት ዓምድ፣ ፎቶ፣ ችሎታን በፐርሰንት የሚያሳዩ መስመሮች አሉት። በኢንተርኔት እየላክሁ ብዙ ቦታ አመልክቻለሁ፣ የጠራኝ ግን የለም። የግድ እንደ ሁሉም ሰው ዓይነት ሲቪ ማዘጋጀት አለብኝ? (ከአዳማ)

መልስ፦ የለብዎትም። መጀመሪያ ግን ፋይሉን ይፈትሹት። በኢንተርኔት የሚላክን ሲቪ ከሰው በፊት ሶፍትዌር ሊያነበው ይችላል፤ ሁለት ዓምድ ሲያጋጥመው የግራውን መስመር ከቀኙ ጋር ሊያደባልቅ ይችላል። ፒዲኤፉን ይክፈቱ፣ ጽሑፉን በሙሉ ኮፒ አድርገው ኖትፓድ ላይ ይለጥፉት። የሥራ ልምድዎ መሀል የኢሜይል አድራሻዎ ወይም የቋንቋ ዝርዝር ከገባ ችግሩ እዚያ ነው። ምንም ጽሑፍ ካልወጣ ደግሞ ሲቪው የተቀመጠው በሥዕል መልክ ነው። በአንድ ዓምድ፣ በወርድ እንደገና ይጻፉት።

የፐርሰንት መስመሮቹን ያውጧቸው። «ኤክሴል 80%» የሚለው ከምን ላይ 80 እንደሆነ ማንም አያውቅም። «ኤክሴል፦ ፒቮት ቴብል፣ ቪሉክአፕ፤ ፒችትሪ፦ ምዝገባና የወር መዝጊያ» ሲሉ ግን ቀጣሪው ምን እንደሚችሉ ያያል። ፎቶም ማስታወቂያው ካልጠየቀ አያስፈልግም።

ዋናው ነገር የሚፈልጉት ሥራ ነው፤ ገጹ ላይ ምን እንደሚቀድም የሚወስነው እሱ ነው። አሁን በሚሠሩበት ቦታ ቀኑን የሚፈጀው ደረሰኝ መመዝገብ ሊሆን ይችላል። ኦዲት ክፍሉ የሚፈልገው ግን ልዩነት ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ነው። ስለዚህ ባንክ ማስታረቅ (የባንኩን መግለጫ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ማመሳከር)፣ የንብረት ቆጠራ፣ ለውጭ ኦዲተር ሰነድ ማዘጋጀት ከላይ ይምጡ፤ ምዝገባው በአንድ መስመር ይበቃዋል። አጻጻፉም ይለወጥ። «የሂሳብ ሰነዶችን መያዝና ተዛማጅ ሥራዎችን ማከናወን» ከሚሉ «የ3 ባንክ ሂሳቦችን በየወሩ አስታርቄአለሁ፤ ያልተመነዘሩ ቼኮችንና ያልተመዘገቡ ገቢዎችን ለይቼ ለፋይናንስ ኃላፊ አቅርቤአለሁ» ይበሉ። ቁጥሩ እውነተኛ ይሁን፤ ቃለ መጠይቅ ላይ እንዴት እንደሠሩት መጠየቅዎ አይቀርም። ከስምዎ ሥር ሁለት መስመር ጨምረው ማን እንደሆኑና ምን ሥራ እንደሚፈልጉ ይግለጹ። «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል» የሚለውን ይተዉት፤ ሁሉም ስለሚጽፈው ከማንም አይለይዎትም።

የራስዎ መልክ የሚታየው በምርጫዎ ጥራት ነው። አንድ ፎንት፣ ከጥቁር ሌላ አንድ ቀለም፤ ቀለሙም በስምዎና በክፍል ርዕሶች ላይ ብቻ። ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ይምረጡ፤ ፈዛዛ ቀለም ሲቪው በጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ ሲደረግ ይጠፋል። የፊደል መጠን፦ ስም በ20፣ ርዕስ በ13፣ ጽሑፍ በ11፤ የመስመር ርቀት 1.15፣ ኅዳጉ በአራቱም በኩል 2 ሴንቲ ሜትር። ከርዕስ በላይ 12 ፖይንት፣ ከሥሩ 4 ፖይንት ክፍተት ቢሰጡ ርዕሱ ከየትኛው ጽሑፍ ጋር እንደሆነ ዓይን ሳይቸገር ያያል። ቀኖቹን ወደ ቀኝ ጠርዝ ሲያስጠጉ በታብ እንጂ በስፔስ አይግፉ፤ በስፔስ የተገፋ ቀን ፎንቱ በተቀየረ ቁጥር ይንሸራተታል። ለሁለት ዓመት ልምድ አንድ ገጽ ኤ4 ይበቃል።

ጥያቄ፦ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲቪዬን በአማርኛ ጽፌ በፍላሽ ወሰድኩ። እዚያ ሲከፈት ፊደሉ የማይነበብ ምልክት ሆነ። ምን ላድርግ? (ከደሴ)

መልስ፦ የተጻፈው ዩኒኮድ (በሁሉም ኮምፒውተር አንድ የሆነ የፊደል ኮድ) ባልሆነ የድሮ ፎንት ይመስላል። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ፊደሉ ይበላሻል። በኒያላ፣ በኤብሪማ ወይም በኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ እንደገና ይጻፉትና ፒዲኤፍ አድርገው ይውሰዱት። ኒያላ የራሱ ደማቅ ቅርጽ የለውም፤ ወርድ በራሱ ሲያደምቀው ትንንሽ ፊደላት ይደፈናሉ። ርዕስ ማድመቅ ከፈለጉ ኤብሪማ ይሻላል። የአማርኛ ፊደልን አያዝምሙ (ኢታሊክ አያድርጉ)፣ አያምርም።

ቀኖቹንም ይመልከቱ። ብዙ ሰው የምረቃውን ዓመት በፈረንጅ፣ የሥራውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፋል። በ2021 ተመርቆ በ2014 ሥራ የጀመረ ሰው ከመመረቁ ሰባት ዓመት ቀድሞ የተቀጠረ ይመስላል። በአማርኛው ሲቪ ሁሉንም በዓ.ም፣ በእንግሊዝኛው ሁሉንም በፈረንጅ ያድርጉ። ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ ሲቀይሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይደምራሉ። በእንግሊዝኛው ላይ የስምዎ ስፔሊንግም ከዲግሪዎ ጋር አንድ ይሁን፤ ካልሆነ ሰነድ ሲመሳከር ጣጣ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። ለእኔም ነጭ ገጽ ነው የምትሉት? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ለኦንላይን ፎርም፣ አዎ። ዲዛይንዎን በፖርትፎሊዮ (በሥራዎችዎ ስብስብ) ያሳዩ፤ ከ6 እስከ 8 ሥራ ይበቃል፣ ወደፊት መሥራት ከሚፈልጉት ዓይነት ይምረጡ። ሎጎ መሥራት ከሰለቸዎት ሎጎ አያስቀድሙ። ከእያንዳንዱ ሥራ ሥር ደንበኛው የጠየቀውንና የእርስዎን ድርሻ በአንድ መስመር ይጻፉ። ሊንኩን ሲቪው ላይ ከስልክ ቁጥርዎ አጠገብ ያስቀምጡት፤ ከመላክዎ በፊት በሌላ ሰው ስልክ ያስከፍቱት፣ ጉግል ድራይቭ ላይ ፈቃድ ካልሰጡ ተቀባዩ የሚያየው የፈቃድ ጥያቄ ብቻ ነው።