ጨጓራ አቀበት አያውቅም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ ነው፤ 43 ዓመቴ ነው። አባቴ በ51 ዓመቱ ከሰው ጋር ተቀምጦ እየተጫወተ ባለበት ድንገት አረፈ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ አምና ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት ሆስፒታል ሲገባ «ግፊት ነው» ተባለ። ሰሞኑን ጥናት የሚሠሩ ልጆች ሰፈራችን መጥተው ነበር። የልብ በሽታ በዘር እንዴት እንደሚተላለፍ እናጠናለን ብለው ደም እንድሰጥና የሕክምና ካርዴን እንዲያዩ እንድፈቅድ ጠየቁኝ። ባለቤቴ «ወስደው ምን እንደሚያደርጉበት ማን ያውቃል? ደግሞ የሌለብህን በሽታ ያመጡብሃል» ትላለች። እኔም በደሜ ውስጥ ካለ ባላውቀው ይሻለኛል። የጅሬንን አቀበት ስወጣ ደረቴን ጥርቅም አድርጎ ይይዘኛል፤ ቆም ስል ይተወኛል። ጨጓራ ስላለብኝ ኦሜፕራዞል እወስዳለሁ። አንድ ጊዜ ፋርማሲ ስለካ ግፊቴ 160/100 ነው ተብያለሁ፤ ራሴን ሲያመኝ ከእናቴ አምሎዲፒን እየተቀበልኩ እውጣለሁ። ደሙን ልስጥ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጠየቁኝ ስለ ደም ናሙና ነው። ያስጨነቀዎት ነገር ግን «እኔም እንደ አባቴ እሆን ይሆን?» የሚለው ነው። ከእሱ ልጀምር።

ከአባት ተጋላጭነት ይወረሳል፤ የሞት ቀጠሮ አይወረስም። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመቱ በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 ዓመቷ በፊት በልብ በሽታ ከተያዙ ያንን ሰው «የቤተሰብ ታሪክ አለበት» ብለን እንመዘግባለን፤ ከሌላው ሰው ይልቅም እንጠነቀቅለታለን። አባትዎ በምን እንዳረፉ ዛሬ ማረጋገጥ አይቻልም፤ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ሞት ግን ልብን ያስጠረጥራል። ስለዚህ ፍርሃትዎ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም።

የሚያጽናናውም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ከ55 ሺህ በላይ ሰዎችን መረጃ ተመልክቷል። በዘር ከፍተኛ ተጋላጭ ከሆኑት መካከል የማያጨሱት፣ ሰውነታቸው ያልወፈረው፣ የሚንቀሳቀሱትና ደህና የሚመገቡት ሰዎች በልብ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው እንዲህ ካልሆኑት በግማሽ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ዘራቸው ያው ነው፤ አደጋው ግን ግማሽ ሆነ። ይህን ለባለቤትዎም ይንገሩልኝ።

አሁን የደሙን ነገር ትንሽ ላቆየውና በመሐል ጣል አድርገዋት ወዳለፏት ነገር ልምጣ። አቀበት ሲወጡ ደረትዎን ይይዝዎታል፤ ሲቆሙ ይተውዎታል። ከጻፉልኝ ሁሉ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው፤ እርስዎ ግን ጨጓራ ብለው ዘግተውታል።

ጅማ ውስጥ ጨጓራ የሌለበት ሰው ያለ አይመስልም። ሁሉም ሰው ጨጓራ አለበት፣ ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ ኦሜፕራዞል አለ። ጨጓራ ግን አቀበትና ሜዳ አይለይም። የሚቆጣው ከምግብ ጋር ነው፦ ሲርብዎት፣ በርበሬ ሲበዛ፣ በልተው ወዲያው ሲተኙ። ብዙ ጊዜ ያቃጥላል እንጂ ጥርቅም አድርጎ አይዝም። የጅሬንን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበትን ኮረብታ ሲወጡ መጥቶ ሲቆሙ በደቂቃዎች ውስጥ የሚለቅ፣ ሲቀጥሉ ደግሞ የሚመለስ ሕመም የሌላ ነገር ጠባይ ነው። ልብ በሥራ ብዛት ደም ሲያንሰው እንዲህ ያደርጋል። ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች ጠበው ከሆነ ሜዳ ላይ የሚበቃው ደም አቀበት ላይ አይበቃም። ለዚህ ነው ሲያርፉ የሚተወው።

የሚያሳዩበት መንገድም ይለያል። የጨጓራ ሰው ብዙ ጊዜ በጣቱ ከእምብርቱ በላይ ያለውን ቦታ ይነካል። የልብ ሰው መዳፉን ወይም ጭብጡን ደረቱ መሐል ላይ ይጫናል፤ «ድንጋይ የተጫነብኝ ይመስለኛል» ይላል። ሕመሙ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ሊሄድ ይችላል። ስኳር ያለባቸው ሰዎችና ሴቶች ደግሞ ደረታቸውን ሳያማቸው ትንፋሽ ማጠርና ድካም ብቻ ሊሰማቸው ይችላል። እሱም ያታልላል።

አንድ ነገር ደግሞ አስምሩበት። ሕመሙ አቀበት ሳይኖር፣ ቁጭ ብለው ሳለ ከመጣ፣ ከ15 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀዎት ወይም ካስመለሰዎት ሃርት አታክ (የልብ የደም ሥር ድንገት መዘጋት) ነው ብለው ይነሱ። ተልባ የለም። ወተት የለም። «ጋዙ ይውጣልኝ» ተብሎ ለስላሳ መጠጣት የለም። ተራ ነገር ይመስላችኋል፤ እኛ ድንገተኛ ክፍል የምናየው ግን ይህንኑ ነው። ሰውዬው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሕመም ይጀምረዋል። ተልባ ይጠጣል። ያገሳል፣ ትንሽ ቀለል ይለዋል። እስኪነጋ ይጠብቃል። ሲነጋ ፋርማሲ ይልካል። ረፋድ ላይ በባጃጅ ተደግፎ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል። እኛም ልናድነው እንችል የነበረው የልብ ጡንቻ በዚያ ሁሉ ሰዓት ሞቷል። የተዘጋ የደም ሥር ይበልጥ የሚታገዘው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ እነዚያን ሰዓታት ተልባ ይበላቸዋል።

907 ይደውሉ። አምቡላንስ ከዘገየ ባጃጅም ይሁን የጎረቤት መኪና፣ ይምጡ። ራስዎ አይንዱ። ቤት አስፕሪን ካለና አለርጂ ወይም የሚደማ ቁስለት ከሌለብዎት 300 ሚሊግራም ያኝኩ፤ 81 የሚባለው ከሆነ አራቱን። ማኘክ ነው እንጂ መዋጥ ብቻ አይደለም። ፊት ሲጣመም ወይም አንድ ጎን ሲሰንፍ ግን፣ እንደ ወንድምዎ ማለት ነው፣ አስፕሪን ቤት ውስጥ አይሰጥም። ደም ፈስሶ ሊሆን ይችላልና።

ወደ ግፊትዎ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። 160/100 ተብለዋል። ወንድምዎ ከግፊት የተነሳ ግማሽ አካሉ ሰንፏል። እርስዎ ደግሞ የእናትዎን ኪኒን «ራሴን አመመኝ» እያሉ ይውጣሉ። አምሎዲፒን የግፊት እንጂ የራስ ምታት መድኃኒት አይደለም! ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ሙሉ ጉልበቱን ለማግኘት በየቀኑ ተወስዶ ቀናት ይፈልጋል። አልፎ አልፎ የሚወሰድ አምሎዲፒን ለእርስዎ የሚያደርገው አንድ ነገር ቢኖር «እየታከምኩ ነው» ብሎ ማታለል ነው። እናትዎንም ከመድኃኒታቸው አጉድለዋል።

«ግፊቴ ሲነሳ ይታወቀኛል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አይታወቅዎትም። ግፊት ዓመታት ሙሉ ድምፅ ሳያሰማ ይቀመጣል። አገር አቀፉ የ2015 (እ.ኤ.አ.) ጥናት ከ100 አዋቂ ኢትዮጵያውያን 16 ያህሉ ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ አብዛኞቹም ሕክምና ላይ አልነበሩም። ራሳቸውን ያማቸው ስላልነበረ ነዋ።

ሲለኩም ወግ አለው። አቦል፣ ቶናና በረካ ጠጥተው በተነሱበት አይለኩ። ቅመው በተነሱበትም አይለኩ። አምስት ደቂቃ ጀርባዎን ተደግፈው ዝም ብለው ይቀመጡ፤ እግር አያነባብሩ፤ ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ በልብዎ ትይዩ ይሁን፤ ሲለኩ አያውሩ። በተለያየ ቀን ደግመው ያስለኩት። ቡናውን እንኳን አልከለክልዎትም፤ ለጅማ ሰው ቡና ከልክዬ የት እኖራለሁ? በጨው የሚጠጡ ከሆነ ጨዉን ይተዉት።

ጫቱን ግን እላለሁ። ስለ መቃምዎ አልጻፉልኝም፤ ካልቃሙ ይለፉት። ጫት የልብን ምትና ግፊትን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል። የመን ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች በጣም የሚቅሙ ሰዎች በሃርት አታክ ይበልጥ እንደሚጠቁ አሳይተዋል። ሃርት አታክ በአብዛኛው ማለዳ ላይ ነው የሚበዛው፤ በቃሚዎቹ ላይ ግን ወደ ከቀትር በኋላና ወደ ምሽት ዞሮ ተገኝቷል። ልክ የመቃሚያው ሰዓት ላይ። ሲጋራ ሲጨመርበት ደግሞ ምን ልበልዎት።

እንግዲህ ደሙ።

እውነቱን ልንገርዎት፦ ያ የጥናት ደም ለእርስዎ ለራስዎ ይህን ያህል የሚነግርዎት ነገር የለም። የልብ በሽታ ብዙ ጊዜ በአንድ ጂን (ከወላጅ በሚወረስ አንድ የዘር መመሪያ) ብቻ አይመጣም። በአብዛኛው ሰው ላይ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ የሚጨምሩ ብዙ የዘረመል ልዩነቶች ናቸው ተደምረው የሚሠሩት። ተመራማሪዎች እነዚህን ደምረው ነጥብ ይሰጣሉ። ነጥቡ የተሠራው ግን በብዛት ከአውሮፓውያን ደም ነው። በዓለም ታዋቂ የሆነው የእንግሊዞቹ ባዮባንክ (የናሙናና የጤና መረጃ ማከማቻ) ከ2006 እስከ 2010 (እ.ኤ.አ.) ግማሽ ሚሊዮን ሰዎችን መዝግቦ የጤና መረጃቸውን እስካሁን ይከታተላል። ግሩም ሥራ ነው። ተሳታፊዎቹ ግን በጣም አብዛኛዎቹ ነጮች ናቸው። በእነሱ ላይ የተሠራው ነጥብ አፍሪካዊ ላይ ሲመጣ ይስታል። ስለዚህ «በደምህ አለ» የሚል ፍርድ ይመጣብኛል ብለው አይፍሩ። ቤተሰብዎ ውስጥ ምን እንዳለ ከማንም ላቦራቶሪ በፊት አባትዎና ወንድምዎ ነግረውዎታል። የእርስዎን ደግሞ ጣጣ የሌለው የግፊት መለኪያ ነግሮዎታል።

ታዲያ ለምን ይሰጣል? አንድ ታሪክ ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረንሳይ ውስጥ ኮሌስትሮላቸው በዘር እጅግ ከፍ ያለ ቤተሰቦች ሲጠኑ ፒሲኤስኬ9 በሚባል ጂን ላይ ለውጥ ተገኘ። ጂኑ ሲበረታ ኮሌስትሮል ይጨምራል። ቴክሳስ፣ ዳላስ ውስጥ ሔለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን የሚባሉ ተመራማሪዎች ተቃራኒውን ጠየቁ፦ ይህ ጂን የማይሠራላቸው ሰዎች ቢኖሩስ? አገኟቸው። በብዛት የተገኙት ጥቁር አሜሪካውያን መካከል ነው፤ ከ100 ሰው ሁለት ወይም ሦስት ያህል። በ2006 የታተመው ውጤት አስገራሚ ነበር። እነዚህ ሰዎች መጥፎው ኮሌስትሮላቸው ከሌሎቹ በ28 በመቶ ያንሳል፤ በ15 ዓመት ክትትል በልብ የደም ሥር በሽታ የመያዝ አደጋቸው ደግሞ በ88 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በ2015 ያ ጂን የሚሠራውን ፕሮቲን የሚያግዱ መርፌዎች ለሕክምና ተፈቀዱ። ዛሬ መርፌውን ነጩም ጥቁሩም ይወጋል። ፍንጩ የመጣው ግን የአፍሪካ ዘር ያላቸው ሰዎች ክንዳቸውን ስለዘረጉ ነው። ነጮች ብቻ ቢጠኑ ኖሮ እንዲህ ጎልቶ አይታይም ነበር። የጅማ ሰው ደም ውስጥ ምን እንዳለ የሚታወቀውም የጅማ ሰው ሲጠና ነው።

የባለቤትዎ ጥያቄ ግን ተገቢ ነው፤ አይናቁት። ከአፍሪካ ናሙና ተወስዶ ባለቤቱ ምንም ሳያውቅ የቀረበት ጊዜ ነበር። የሚወስዱት ትንሽ ብልቃጥ ነው፣ ጉልበት አይቀንስም፤ ነገሩ ያለው ፈቃዱ ላይ ነው። ቅጹን በሚገባዎት ቋንቋ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፣ ያስነብቡ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ እንዳለው ይጠይቁ። ስምዎ በቁጥር ይተካ እንደሆነ፣ ናሙናው የት እንደሚቀመጥና ወደ ውጭ ይላክ እንደሆነ፣ ካርድዎን ማን እንደሚያይ፣ ሐሳብዎን ቢቀይሩ መውጣት ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤናና የዘረመል መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ይቆጥራል። ጥያቄ ሲበዛበት ፊቱን የሚያጨማድድ አጥኚ ካጋጠመዎት አይስጡ። ደህና አድርጎ ከመለሰልዎት እኔ ብሆን እሰጣለሁ። ባይሰጡም ግን የሚቀርብዎት ሕክምና የለም፤ መስጠትም ሕክምና አይደለም።

እዚህ ላይ ነው የምፈራልዎት። ደም ሰጥተው «ውጤቱን እስኪነግሩኝ» ብለው እንዳይቀመጡ። የጥናት ውጤት ዓመታት ይፈጃል፤ ደረትዎ ዓመታት አይሰጥዎትም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ግፊትዎ ይለካል፣ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሳል፣ ስኳርዎ፣ ኮሌስትሮልዎና ኩላሊትዎ ይታያል። ኢሲጂው ደህና ነው ቢባሉም «አቀበት ስወጣ ይይዘኛል» ብለው ይናገሩ፤ ተኝተው የተነሳ ኢሲጂ ደህና ሆኖ የደም ሥሩ ጠቦ ሊገኝ ይችላልና ሌላ ምርመራ ሊያስፈልግዎ ይችላል። እስከዚያ አቀበቱን ይተዉት። የታዘዘልዎት መድኃኒት ካለ በየቀኑ ነው፤ ሲሻልዎት አይቋረጥም።

የሚውጡትን ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ፣ ኦሜፕራዞሉንም ጭምር። ሌሎቹ እህት ወንድሞችዎም ይለኩ። ወንድምዎ ደግሞ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እየወሰደ እንደሆነ ይጠይቁልኝ።