አንድ ኃይለኛ መብራት ወይስ ሁለት መካከለኛ? ማታ ሳይክል ለምትነዱ

ሰላም ጀመዓ።

ትናንት አንድ ወንድማችን የለጠፈውን ጥያቄ አይቼ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፈው። ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ የድሬዳዋ ሙቀት ቀን ላይ አያስነዳም፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ይመሻል። ስለዚህ ከጓደኛው ጋር ከከተማው ወጣ ብለው በግመልና በፍየል መንገዶች ላይ ማታ ማታ ሊነዱ ነው። ታይዋን በሚባለው የከተማችን ገበያ «10,000 ሉመን» የሚል መብራት አይቷል፤ ሉመን የብርሃን ብዛት መለኪያ ነው። እሱን ይግዛ? ከውጭ ያስመጣ? ወይስ ቤት ያለችው፣ ግንባር ላይ የምትታሰረው የራስ ባትሪ ትበቃዋለች?

ወንድሜ፣ መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ። አንድ በጣም ኃይለኛ መብራት ከምትገዛ ሁለት መካከለኛ ግዛ። አንዱን መሪው ላይ፣ ሌላውን ሄልሜትህ ላይ እሰር። የብርሃኑ ብዛት ሁለተኛ ነገር ነው። ዋናው ብርሃኑ ከየት በኩል መሬቱን እንደሚመታ ነው። ለዓመታት በዚህ አካባቢ ማታ ስነዳ የዚህን ያህል ለውጥ ያመጣልኝ ነገር የለም።

ምስጢሩ ጥላው ላይ ነው። መሪው ላይ ያለው መብራት ከዓይንህ ዝቅ ብሎ ያበራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ድንጋይ ከኋላው ጥላ ይጥላል፤ ዓይንህ ደግሞ ከላይ ሆኖ ያንን ጥላ ያያል። ጉድጓዱ ጥልቅ መሆኑን፣ ድንጋዩ ጎማ የሚያቆም መሆኑን የምትለየው በጥላው ነው። ሄልሜት ላይ ያለው ግን ከዓይንህ ጋር በአንድ መስመር ስለሚያበራ ጥላው ከድንጋዩ ጀርባ ተደብቆ ይቀራል። መሬቱ ሁሉ ደልዳላ ይመስልሃል። ስለዚህ ቤት ያለችው የራስ ባትሪ ብቻዋን አትበቃህም። ለዳገት ልትሆን ትችላለች፤ ለቁልቁለት ግን አደገኛ ናት።

የመሪውም ብቻውን ጎደሎ ነው። እሱ የሚያበራው መሪው ወደዞረበት ብቻ ነው። መንገዱ ወደ ግራ ሊታጠፍ ሲል አንተ ማየት የምትፈልገው መታጠፊያውን ነው፤ መብራትህ ግን ገና ፊት ለፊት ያለውን ቁልቋል እያሳየህ ነው። የሄልሜቱ ዓይንህ ወዳየበት አብሮ ይሄዳል። ሰንሰለት ሲወልቅ ወይም ካላማዳሪ ስትቀይርም ሁለት እጅህን ነፃ ያደርግልሃል። ደግሞም አንዱ ቢጠፋ በሌላው ቀስ ብለህ ቤትህ ትገባለህ። ከከተማ ወጣ ስትል የመንገድ መብራት የለም። እኛ ጋ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ድቅድቅ ይላል።

መጠኑን ከጠየቅከኝ፣ ለመሪው እውነተኛ ከ800 እስከ 1,200 ሉመን፣ ብርሃኑ ወደ ጎን ሰፋ የሚል። ለሄልሜቱ ከ400 እስከ 800፣ ጠበብ ብሎ ራቅ የሚል። ዳገት ስትወጣ 200 ወይም 300 ይበቃሃል፤ እዚያ ላይ ባትሪ አታባክን። ከዚህ በላይ መክፈል የሚያዋጣው በጣም ፈጣን ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ብቻ ነው። ምክንያቱም በዚያው መብራት እጥፍ ርቀት ለማየት እጥፍ ብርሃን አይበቃም፤ አራት እጥፍ ያስፈልጋል። ከ1,000 ወደ 2,000 ሉመን ስትሄድ ዋጋው ይንራል፤ የምታየው ርቀት ግን ያን ያህል አይጨምርም።

ፍጥነትህንም ከመብራትህ ጋር አስማማ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በሴኮንድ 5 ሜትር ተኩል ትሄዳለህ። አንድ ነገር አይተህ ፍሬን እስክትይዝ አንድ ሴኮንድ ያልፋል፤ ልቅ ጠጠር ላይ ለመቆም ደግሞ ተጨማሪ ሜትሮች አሉ። ቢያንስ 15 ሜትር በደንብ የማያሳይህ መብራት ይዘህ በዚያ ፍጥነት አትውረድ።

አሁን ወደ 10,000ው እንምጣ። አቦ፣ ይሄ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። ጥፋቱ የነጋዴው አይደለም፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ነው የሚመጣለት። አንተ ግን ቀላል ሒሳብ ይዘህ ሂድ። አብዛኞቹ እነዚህ መብራቶች 18650 የሚባለውን ክብ ሊቲየም ባትሪ ነው የሚጠቀሙት፤ ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው። ደህናው አንዱ 3,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ገደማ ይይዛል። በ3.7 ቮልት ስታባዛው 11 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ሁለቱ 22። የኤልኢዲ መብራት የሚባክነው ተቀንሶለት ከአንድ ዋት 100 ሉመን ገደማ ይሰጣል ብለህ ያዝ። እንግዲህ 1,000 ሉመን 10 ዋት ይበላል ማለት ነው፤ ሁለቱ ባትሪዎች ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዱታል። ይሄ ያስኬዳል። 10,000 ሉመን ግን 100 ዋት ይፈልጋል። እነዚያው ባትሪዎች 13 ደቂቃ ብቻ ነው የሚችሉት፤ መብራቱም ከዚያ በፊት በእጅ የማይያዝ እሳት ይሆናል። ካርቶኑ ላይ «10,000 ሉመን፣ 6 ሰዓት» የሚል ካየህ ሁለቱ ቁጥሮች አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም።

ባትሪው ላይ የተጻፈውንም እየው። ሳምሰንግ፣ ኤልጂና ፓናሶኒክ የሠሯቸው 18650ዎች እንኳ ከ3,500 ሚሊአምፒር-ሰዓት ብዙም አያልፉም። 9,900 የሚል ካገኘህ ተወው። ክብደቱም ይናገራል፤ ደህናው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። በጣም የቀለለ ከሆነ ውስጡ ያለው ነገር ትንሽ ነው። የምታውቀው ወርቅ ቤት ካለ ሚዛኑን አስፈቅደህ መመዘን ነው።

ሱቅ ውስጥ ሌላም ማየት የምትችለው አለ። መብራቱን በከፍተኛው አብራውና ከባለሱቁ ጋር እየተጫወትክ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። ከ1,000 ሉመን በላይ እሰጣለሁ የሚል መብራት ቆሞ ሲበራ አካሉ በግልጽ መሞቅ አለበት። ቀዝቃዛ ከሆነ የተባለውን አይሰጥም። ሲሞቅ ራሱን ዝቅ ማድረጉ ደግሞ እንከን አይደለም፤ ኤልኢዲው እንዳይቃጠል የተሠራ ነው። ግድግዳ ላይ አብራውና ጠርዙን ተመልከት። መሃሉ ላይ አንድ የሚያንጸባርቅ ነጥብ፣ ዙሪያው ጨለማ ከሆነ ለመሪ አይሆንህም። ከመሃል ወደ ዳር ቀስ እያለ የሚደበዝዘውን ምረጥ። በጀርመን ደንብ የተሠሩ፣ ከላይ በኩል ብርሃናቸው በመስመር የተቆረጠ መብራቶች ታገኛለህ። ለአስፋልት ግሩም ናቸው። ለኛ ኮረኮንች ግን የዛፍ ቅርንጫፍ ፊትህ ላይ እስኪደርስ አያሳዩህም።

ቤት ስትገባ ሙሉ ቻርጅ አድርገህ ቬንትሌተር ፊት ለፊት አስቀምጠው፤ ሰዓት ይዘህ እስኪጠፋ አብራው። ቬንትሌተሩ ስትነዳ የሚያገኘውን ንፋስ ይተካለታል። የምታምነው ሰዓት ያ ነው፣ ካርቶኑ ላይ ያለው አይደለም። ሊያልቅ ሲል ቀስ ብሎ የሚደክም ነው ወይስ ድንገት ድርግም የሚል የሚለውንም በዚያው ታውቃለህ። ድርግም የሚል ከሆነ የባትሪ መጠን የሚያሳይ ምልክት የሌለውን አትግዛ።

ስለ ድሬ አቧራ ብዙ ሰው አይናገርም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ይሄን ላሰምርበት። የእኛ ቡናኝ አንዴ ከተነሳ ቶሎ አይወርድም። ከጓደኛህ ኋላ ተከትለህ ስትነዳ የሄልሜት መብራትህ አቧራውን ዓይንህ ሥር ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል፤ በጉም ውስጥ ረጅም መብራት ያበራ ሹፌር የሚገጥመው ዓይነት ነው። መፍትሔው ብርሃን መጨመር አይደለም፤ ይብስበታል። የሄልሜቱን ወደ ትንሹ ዝቅ አድርግ ወይም አጥፋው፤ በመሪው ብቻ ንዳ። እሱ ዝቅ ብሎ ስለሚያበራ ከአቧራው የሚመለሰው ብርሃን ዓይንህን ብዙ አይመታም። ከፊትህ ካለው ሰውም ራቅ በል። ስለዚህ ስትገዛ የሄልሜቱን መብራት በጓንት ተነክቶ የሚቀያየር ትልቅ ማብሪያ ያለው አድርገው። ሁለት ዓይነት ቀለም ከቀረበልህ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ከሚያደላው ይልቅ ሞቅ ያለውን ውሰድ፤ ከ4,000 እስከ 5,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የሚል ይኖረዋል። ቀዩን አፈር ከድንጋዩ ለይቶ ያሳይሃል፤ ዓይንም አያደክምም።

ሙቀቱ ሌላው ጉዳይ ነው። ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ መደረግ የለበትም። የድሬን ቀትር ታውቀዋለህ። ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ወይም ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቻርጅ አታድርገው። ማታ ወይም ጎህ ሲቀድ አድርገው። ኤሌክትሪክ ሊጠፋ ስለሚችልም ቻርጁን ለመውጫህ ሰዓት አታቆየው። ከፓወር ባንክ ቻርጅ የሚሆን ከሆነ፣ በተለይ እየበራ ቻርጅ የሚቀበል ከሆነ፣ በጣም ይጠቅምሃል።

ውሃ መከላከያ ለኛ ብዙ አያስጨንቅም። አይፒኤክስ4 የሚለው ርጭት ይችላል፤ እሱ ይበቃሃል። መያዣው ግን ያስጨንቃል። ርካሽ የፕላስቲክ ማሰሪያ ኮረኮንች ላይ ቀስ በቀስ ይዞርና መሬቱን ትቶ ሰማይ ያበራል። ከአሮጌ ካላማዳሪ ቁራጭ ቆርጠህ ከሥሩ አድርግለት፤ ይነክሰዋል። የመሪውን ብርሃን መሃል 10 ሜትር ያህል ፊትህ፣ የሄልሜቱን ከዚያ እጥፍ ራቅ አድርገህ አስተካክል።

እንስሳና ሰው። የፍየል፣ የአህያና የጅብ ዓይን ብርሃን መልሶ ስለሚያበራ ከሩቅ ታየዋለህ። የሰውና የግመል ዓይን ግን እንደዚያ አያበራም። ግመል መሃል መንገድ ቆሞ ወይም ተኝቶ ድንገት ነው የሚመጣብህ። በአህያ ዕቃ ጭነው የሚሄዱ ሰዎችም እንዲሁ። ሰው ስታገኝ ፍጥነትህን ቀንስ፤ የሄልሜቱን መብራት በእጅህ ሸፍነው፤ ሰላም በል። ፊቱን የምታየው ሰው ሁሉ በመብራትህ ነው የሚታወረው። ሐረር በኩል ሐኪም ጋራ አካባቢ የምትነዱ ደግሞ ጅብ ማየታችሁ አይቀርም። ጅቡ ከከተማው ሰው ጋር ለረጅም ዘመን አብሮ ኖሯል። ሆኖም ከበቡት፣ አሳደዱት፣ መብራት ዓይኑ ውስጥ ተክለው ቪዲዮ ቀረጹት የሚባል ነገር አይሁን። መንገዱን ልቀቁለትና እለፉ። ብቻችሁንም አትውጡ።

የኋላ ቀይ መብራት ለአስፋልቱ የግድ ነው። ኮረኮንች ስትገቡ ግን አጥፉት፤ ብልጭ ድርግም ሲል ከኋላ ያለውን ጓደኛ ያሳውራል። ወደ ሐረር የሚወጣውን የደንገጎ አስፋልት ማታ ማታ እንኳን ለሳይክል ለመኪናም አልመክርም። የሚሮጡት አይሱዙዎች በየመታጠፊያው አሉ፤ የቱንም ያህል ብታበራ አያድንህም።

መብራት የማያድንህ ሌላ ቦታም አለ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በበጋ ለመንዳት ያጓጓል። በዝናብ ወቅት ግን ማታ አትግባበት። ድሬ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከላይ ደጋው ላይ የዘነበው በሌሊት ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደብን። 1,000 ሉመን የሚያሳይህ ከፊትህ ያለውን አሸዋ እንጂ ተራራው ላይ የሚዘንበውን አይደለም።

እንግዲህ ግዢው። ገንዘብህ አሁን ለሁለት ካልበቃ መጀመሪያ የመሪውን ግዛ። ያለችህን የራስ ባትሪ ለጊዜው ሄልሜቱ ላይ እሰራት፤ ለረዳትነት ትሆናለች። ታይዋን ውስጥ ካርቶኑ የተጋነነ፣ ነገር ግን በራሱ እስከ 700 ወይም 800 ሉመን የሚሰጥ ደህና መብራት አይጠፋም። ከላይ ባልኩህ መንገድ ፈትነህ ለእውነተኛው አቅሙ የሚሆን ዋጋ ተከራከር። ለሄልሜቱ ግን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ እሱን ብትጠብቅ ይሻላል። ቀላል ክብደት ያለውና ማሰሪያው በሄልሜት ቀዳዳ የሚገባው እዚህ እምብዛም አይገኝም። ከ150 ግራም የማይበልጥ በለው፤ ከዚያ ከከበደ አንገትህ ላይ ታውቀዋለህ። ትርፍ ባትሪ የሚያመጣልህ ከሆነ በእጁ በሚይዘው ሻንጣ ያድርገው። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አየር መንገዶች አይፈቅዱም።