የአባቴ ጉርድ ፎቶና የዲዛይን ትምህርቴ
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአንባብያን ጥያቄ ዓምድ አዘጋጅ። በድሬዳዋ ከተማ የምኖር የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ስሆን በማታው ክፍለ ጊዜ የግራፊክስና የዲጂታል ሚዲያ ዲዛይን እማራለሁ። ለመለማመጃ የሚሰጡን ፎቶዎች ከኢንተርኔት የወረዱ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ምስሎች በመሆናቸው ሥራዬን ስጨርስ ያሳመርኩት ይሁን ያበላሸሁት ለመለየት እቸገራለሁ። ስለዚህ እናቴ በጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ያኖረችውን የቤተሰብ አልበም ልጠቀም አሰብኩ። በአልበሙ ውስጥ ምድር ባቡር ይሠራ የነበረው አባቴ ከመታወቂያው ላይ የተነቀለ፣ ትከሻውና አገጩ ላይ ሰማያዊ ማኅተም ያረፈበት ጉርድ ፎቶ አለ፤ ከወጣትነቱ የቀረን እሱ ብቻ ነው። እናቴ ግን «የሞተ ሰው ፎቶ መጫወቻ አይደለም» ብላ ከለከለችኝ። መምህሬም የቤተሰብ ፎቶ ለሥራ ማሳያ እንደማይሆን ነገሩኝ። ስካነርም የለኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?
(ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከመምህርዎ ይልቅ እናትዎ ለሙያው የቀረበ ነገር ተናግረዋል። ክልከላቸውን የመጀመሪያው ደንበኛዎ ያቀረቡት ቅድመ ሁኔታ አድርገው ይውሰዱት። ዋናው ፎቶ እንደማይነካ፣ የሚሠራበት በኮምፒውተር ውስጥ ያለው ቅጂ ብቻ እንደሆነ፣ እርሳቸው ሳያዩትም አንድ ምስል ከቤት እንደማይወጣ ቃል ይግቡላቸው። ቡና በሚፈላበት ሰዓት አልበሙን አብረው እየገለጡ በየፎቶው ያለው ማን እንደሆነ ይጠይቋቸው፤ የሚሉትንም በስልክዎ ይቅረጹ። ከፎቶው ጀርባ ስም መጻፍ ካስፈለገ እስክርቢቶ ስለሚያሰርግ ለስላሳ እርሳስ ይጠቀሙ።

መምህርዎ ስላሉት ነገር ደግሞ አንድ ታሪክ ላስታውስ። ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ከመቅረቡ በፊት፣ ከፈጠሩት ሁለት ወንድማማቾች አንዱ የሆነው ጆን ኖል የፕሮግራሙን ችሎታ ለሰዎች ያሳይ የነበረው በአንድ የግል ፎቶ ነበር። በኋላ ባለቤቱ የሆነችው ወጣት በቦራ ቦራ ደሴት የባሕር ዳርቻ ጀርባዋን ሰጥታ እንደተቀመጠች ራሱ ያነሣት ፎቶ ነው፤ ሰው መድገምና ደሴት ማባዛት እንደሚቻል ብዙዎች መጀመሪያ ያዩት በዚያ ምስል ላይ ነው። የሙያው ዋና መሣሪያ ራሱ ከአንድ ሰው የግል ፎቶ ጋር አብሮ ያደገ ከሆነ የእርስዎ አልበም የሚናቅበት ምክንያት አይታየኝም።

የቤተሰብ ፎቶ ለተማሪ የሚጠቅመው ግን ስለሚወደድ አይደለም፤ ስሕተትን ስለማይሸፍን ነው። የአንድ እንግዳ ሰው ጉንጭ ከመጠን በላይ ቢለሰልስ፣ አፍንጫውም ቢቀጥን የሚቆጭ የለም። የአባትዎ ቅንድብ ግን በጥቂቱ ከቀጠነ እናትዎ ገና ከበሩ ሆነው «ይኼማ እሱ አይደለም» ይላሉ። ይህን የመሰለ ዳኛ በየትኛውም የማታ ክፍል አይገኝም።

የስካነሩ ነገር ብዙ አያስጨንቅዎ፤ ለአብዛኛው ፎቶ የስልክ ካሜራ ይበቃል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ፣ የድሬዳዋ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ቀጥተኛ ጨረር በማያገኘው መስኮት አጠገብ ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ ያኑሩ፤ ፍላሹን ያጥፉና ስልኩን ከፎቶው ትይዩ ለማድረግ በሁለት የመጻሕፍት ቁልል ላይ ያሳርፉት። ከአልበሙ ፕላስቲክ ጋር የተጣበቀውን በኃይል አይንቀሉ፤ ካለበት ሆኖ ይነሣ። ጉርዱን ፎቶ ግን ስካነር ወዳለው ፎቶ ቤት ራስዎ ይዘውት ይሂዱና እዚያው ቆመው ያስቃኙት። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በኢንች 300 ነጥብ ቢቃኝ በጥራት የሚታተመው በዚያው መጠኑ ብቻ ነው፤ በ1200 ነጥብ ሲቃኝ ግን 1,400 በ1,900 ገደማ ፒክሰል ስለሚያስገኝ እስከ 12 በ16 ሴንቲ ሜትር ድረስ ማተም ይቻላል። ጄፔግ ተስተካክሎ በተቀመጠ ቁጥር ከምስሉ ስለሚያጎድል የመጀመሪያው ፋይል ምንም በማያጎድለው የፋይል ዓይነት፣ በቲፍ ይቀመጥ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በባለ ቀለም ያስቃኙት፤ ምክንያቱን ማኅተሙ ያሳይዎታል።

ብዙ ጀማሪ እንዲህ ያለ ፎቶ ሲያገኝ እጁ የሚፈጥነው ማኅተሙን ወደሚያጠፋው መሣሪያ ነው። ከዚያ በፊት ምስሉን በፎቶሾፕ ወይም በነፃ በሚገኘው ጂምፕ ይክፈቱና ቻናል የሚባሉትን፣ ምስሉ የተሠራባቸውን የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን ክፍሎች፣ አንድ በአንድ ይመልከቱ። ሰማያዊ ቀለም ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚመልስ በሰማያዊው ቻናል ላይ ማኅተሙ ደብዝዞ ከሥሩ ያለው አገጭና የሸሚዙ ክሳድ ብቅ ይላል፤ በቀዩ ቻናል ላይ ደግሞ ያው ማኅተም ይጠቁርና በዓይን ያልተነበበው ፊደል ሊነበብ ይችላል። በክፍል ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እየተባለ በሥዕላዊ መግለጫ የሚነገረው ትምህርት በአባትዎ አገጭ ላይ በአምስት ደቂቃ ይገባዎታል።

ታዲያ ማኅተሙ ይጥፋ ወይስ ይቅር? እኔ ይቅር ባይ ነኝ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ አባትዎ ከዚያ ሐዲድ ጋር የነበራቸውን ዝምድና በፎቶው ላይ የሚመሰክረው ያ ክብ ቀለም ብቻ ነው። አገጫቸውን የሸፈነውን ክፍል ከሰማያዊው ቻናል ባገኙት ምስል በተለየ ላየር (ከምስሉ በላይ በሚነጠፍ ንብርብር) ላይ ይተኩ፣ ትከሻው ላይ ያለውን ግን ይተዉት። መሰረዣውን ትተው ምስሉን ሳያጠፋ የሚሸፍነውን ማስክ የሚባለውን ከተጠቀሙ እናትዎ ያልወደዱት ሁሉ ወደነበረበት ይመለሳል። በየባነር ቤቱ እንደምናየው ሟቹን በደመና መካከል አቁሞ ዙሪያውን ርግብ ከማስበረር ግን ይራቁ፤ ፎቶው ያለ ደመናም በቂ ክብደት አለው።

በደርግ ዘመን የታተሙ ባለ ቀለም ፎቶዎች ካሉ ወደ ቀይነት አድልተው ሊያገኟቸው ይችላሉ። በዚያ ዘመን ወረቀት ውስጥ ካሉት ሦስት ማቅለሚያዎች ሳያን የሚባለው አረንጓዴ ቀመስ ሰማያዊ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ በጨለማ እንደተቀመጠም ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ቀድሞ ይደበዝዛል፤ እንደ ከተማችን ያለ ሙቀትም ያፋጥነዋል። ሲያርሙ በፎቶው ውስጥ ነጭ መሆን የሚገባውን ነገር ይፈልጉ፤ የአክስትዎ ነጠላ ከተገኘ ከዚያ የተሻለ መለኪያ የለም። ከርቭስ በሚባለው መሣሪያ ቀዩን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ነጠላው ወደ ነጭነቱ ሲመለስ ያቁሙና የፊቱን ቆዳ ይመልከቱ፤ ጥለቱ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረ ደግሞ እናትዎን ይጠይቁ።

ስለ ጽሑፉ ባጭሩ፦ እንደ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ያለ በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ) የተሠራ ፎንት ይምረጡ፤ በአሮጌዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ስም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ለፋይሎቹም አንድ የዘመን አቆጣጠር ይያዙ፤ ከፎቶው ጀርባ «ጥር 1971» የሚል ካለ በስልክዎ አቆጣጠር 1979 ነውና ሁለቱን ካደባለቁ አባትዎን ከሠርጋቸው በፊት ልጅ ያሳቅፏቸዋል።

ለሥራ ማሳያ አንድ ፎቶ ይበቃል፤ እንደተቃኘ፣ በመሐል ያሉት ላየሮችና የመጨረሻው ሥራ ጎን ለጎን ቀርበው፣ ማኅተሙ ለምን ሳይጠፋ እንደቀረ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይብራራ። በሕይወት ያሉ ዘመዶችን ፎቶ ከማሳየትዎ በፊት ያስፈቅዱ። የፎቶ ቤት ስም የታተመበትን በተመለከተም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለፎቶግራፍ ሥራ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ የ25 ዓመት ጥበቃ ስለሚሰጥ፣ ቅርብ ጊዜ የተነሡትን ከማሳተምዎ በፊት ፎቶ ቤቱን ማነጋገር ይገባል።

ጥያቄ፦ የአያቴን ጥቁርና ነጭ ፎቶ በሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚሠራ መተግበሪያ አቀለምኩት። ከበስተኋላዋ የሚታየውን የቤታችንን ነደባ (የመቀመጫ መደብ) ግን ግራጫ አደረገው፣ ልብሷንም ሰማያዊ። የትኛውን ልመን?
(ከጀጎል፣ ሐረር)

መልስ፦ መተግበሪያውን አይመኑት። ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚይዘው የብርሃኑን መጠን ስለሆነ ጠቆር ያለ ቀይና ጠቆር ያለ አረንጓዴ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ፤ ማሽኑም ከዚህ በፊት ካያቸው ምስሎች ተነሥቶ ይገምታል። የጌይ ጋር፣ ማለትም የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ነደባና ወለል በቀይ እንደሚቀባ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ነደባውን ዛሬ በቀን ብርሃን ፎቶ ያንሡት፤ ቀለሙን ከዚያ ወስደው ከአያትዎ ፎቶ በላይ በሚከፍቱት አዲስ ላየር ላይ ይቀቡና የላየሩን ዓይነት «ከለር» ወደሚለው ይቀይሩት። ያን ጊዜ ቀለሙ ብቻ ያርፋል፤ ጥላውና ብርሃኑ እንደነበረ ይቀራል። በከተማችሁ ሙዚየም በራምቦ ቤት ያሉት የከተማዋ የድሮ ፎቶዎች የልብሱን አሰፋፍ ለማመሳከር ሊረዱዎ ይችላሉ፤ ለቀለሙ ግን ልብሱን ለብሰው የሚያውቁ አሮጊቶችን ይጠይቁ። እነርሱም ካላስታወሱት ግራጫውን እንዳለ ይተዉትና ከፎቶው ሥር ቀለሙ በየትኛው ዓመት እንደተጨመረ ይጻፉ።