የእናትሽ ጾም፣ የዱባይ ሻማ

የኅዳር ደብዳቤዎች ሁሌም ይመሳሰላሉ። ግማሹ ስለ ጾም፣ ግማሹ ስለ ሠርግ ነው። ዘንድሮ ግን አንዲት ልጅ ከዱባይ ረዘም አድርጋ ጽፋልኛለች። አብዛኛውን ቦታ ለእሷ ሰጥቻለሁና ሌሎቻችሁ እንዳትቀየሙኝ። ለአዲስ አንባቢ፦ እኔ ሲስተር አይደለሁም፣ የሃይማኖት ሊቅም አይደለሁም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ካቶሊክ ቁምስና 31 ዓመት ትምህርተ ክርስቶስ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ።

«ሰላም እትዬ፣ እንደምን አሉ? የእምድብር ልጅ ነኝ። ዱባይ ሰው ቤት ስሠራ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እሑድ ስለምወጣ ቅድስት ማርያም አስቀድሳለሁ። እዚህ የፈረንጆቹ ኅዳር ሲያልቅ በቅጠል አክሊል ላይ ሻማ ማብራት ይጀምራሉ። ካህኑ ሐምራዊ ይለብሳሉ። አምና አንድ እሑድ ሮዝ ለብሰው ብቅ ሲሉ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ፊሊፒኖቹ ደግሞ የዘጠኝ ቀን ቅዳሴ አላቸው። እናቴ በደወልኩ ቁጥር ‹ጾመ ነቢያትን ይዘሻል?› ትለኛለች። ከወላይታ ሶዶ የመጣችው ጓደኛዬ ‹አንቺም እዚህ ላቲን ሆነሻል፣ አይመለከትሽም› ትለኛለች። የቱን ልያዝ? ገናዬስ የትኛው ነው? ሁለቴ ባከብር ኃጢአት ይሆንብኛል?»

ልጄ፣ ከሳቁ ልጀምር። እኔም ስቄያለሁ። ሮዙን ልብሰ ተክህኖ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ከቀይ ጋር ታጥቦ ቀለም የተጋባበት ነበር የመሰለኝ። አጠገቤ የነበሩት ሲስተር በክርናቸው ጎሸም ባያደርጉኝ ጮክ ብዬ እጠይቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በላቲን ሥርዓት፣ ማለትም አብዛኛው የዓለም ካቶሊክ በሚያስቀድስበት ሥርዓት፣ ከልደት በፊት ያሉት አራት እሑዶች የስብከተ ገና እሑዶች ናቸው። የመጀመሪያው ለቅዱስ እንድርያስ በዓል፣ ማለትም ለፈረንጆቹ ኖቬምበር 30፣ የሚቀርበው እሑድ ነው። ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ በዚያው ቀን ስለዋለ በእኛ ኅዳር 21 መሆኑ ነው። ሐምራዊው የመጠበቅና የንስሐ ቀለም ነው። ሦስተኛው እሑድ «ጋውዴቴ» ይባላል፤ «ደስ ይበላችሁ» ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 4 ላይ ታገኚዋለሽ። መንገዱ ተጋምሷል፣ አይዟችሁ ለማለት ሐምራዊው ለአንድ ቀን በሮዝ ይቀየራል። ዘንድሮ ታኅሣሥ 5 ቀን ነውና ተዘጋጅተሽ ሂጂ።

አክሊሉን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው የጥንት የካቶሊክ ሥርዓት ይመስለዋል። አይደለም። በ1839 እ.ኤ.አ. ሀምቡርግ ውስጥ ዮሐን ሂንሪክ ቪሸርን የሚባል የሉተራን ፓስተር ነው የጀመረው። ሰብስቦ የሚያሳድጋቸው የድሃ ልጆች «ገና መቼ ነው? ገና መቼ ነው?» እያሉ ቢነዘንዙት የጋሪ ጎማ አንሥቶ ሻማ ደረደረበት። ለእሑድ ትልልቅ፣ ለአዘቦት ትንንሽ። ልጆቹ በየቀኑ አንድ እያበሩ ይቆጥሩ ነበር። ካቶሊኮቹ ኋላ ላይ ነው አይተው የወደዱት።

የእኛም ቁምስና ወጣቶች አንድ ዓመት «እኛስ ምን ይጎድለናል?» ብለው ተነሡ። ቁምስናችን በግዕዝ ሥርዓት፣ ማለትም በአገራችን በራሷ የቅዳሴ ሥርዓት ነው የሚቀድሰው። ልማዳችን አይደለም ብዬ ነበር፤ የሚሰማኝ አላገኘሁም። ከአንድ ጋራዥ የብስክሌት ቸርኬ ለምነው አመጡ፤ የጽድ ቅርንጫፍ በሽቦ አሰሩበት። ጥሩ ወጣላቸው፣ አልዋሽም። ችግሩ ሻማው ነበር። መርካቶን ዞረው ሐምራዊም ሮዝም አጡ። ነጩን ገዝተው በስጦታ መጠቅለያ ወረቀት ጠቀለሉት። ሁለቱ እሑዶች በሰላም አለፉ። በሦስተኛው እሑድ ወንጌል ሲነበብ ሮዙ ወረቀት ቦግ አለ። ጽዱ ደግሞ ሦስት ሳምንት ደርቆ ነበር። ዘበኛው ባልዲ ይዘው እስኪደርሱ ቸርኬው ብቻ ቀረ። ከፊት ያሉት እናት ነጠላቸውን እያራገፉ «ጧፍ መች አነሰንና ነው?» አሉ። ቆሞሱ ሳቃቸውን ለመዋጥ ጀርባቸውን ሰጡን። ስለዚህ ቤትሽ ማብራት ካማረሽ ቅጠሉ እርጥብ ይሁን። ወረቀት አታስጠጊ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ጓደኛሽ «ላቲን ሆነሻል» ማለቷ ስሕተት ነው። የሶዶ ካቶሊኮች የላቲን ሥርዓት ናቸው፤ ስለ ራሷ ልክ ናት። እምድብር ግን በ1996 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተከፍላ ራሷን የቻለች የግዕዝ ሥርዓት ሀገረ ስብከት ናት። ሰው የዚህ ወይም የዚያ ሥርዓት አባል የሚሆነው በጥምቀቱ ነው፣ በየሄደበት በሚያስቀድስበት ቦታ አይደለም። ዱባይ 20 ዓመት በላቲን ብታስቀድሺም ግዕዝ ነሽ። ቅዳሴውም ቁርባኑም ግን ያንቺው ነው፤ እንደ እንግዳ ጥግ ይዘሽ አትቁሚ።

ጾሙና በዓሉስ? የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና የሚባል መጽሐፍ አለን፤ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ቁጥር 883 ላይ፣ ከገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ክልል ውጭ የሚኖር ምእመን ያለበትን አገር በዓላትና የንስሐ ቀናት መከተል ይችላል ይላል። ቃሉ «ይችላል» ነው። የእናትሽን መንገድ ተይ አላለሽም፤ ዱባይ ላይ ሆነሽ የዱባዩን ብትይዢ ግን ማንም አይወቅስሽም። በላቲኖቹ ስብከተ ገና ደግሞ እንደ እኛ ያለ የብዙ ቀን የግዴታ ጾም የለም።

የእኔን አስተያየት ከፈለግሽ፣ የሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የቀረበላትን ትበላለች። ማዳም ያዘዘችውን ምግብ መልሰሽ ከምትጣዪ የራስሽ ከሆነው ነገር ላይ ቀንሺ። እዚያ አገር ያ ወተት የበዛበት ከረክ ሻይ አለ አይደል? እሱን እስከ ገና ተይው። እናትሽ ስትጠይቅሽ «ይዣለሁ እማዬ» ብትዪ ውሸት አይሆንብሽም።

አንድ ነገር ላሳይሽ፣ እኔን ራሴን ካሌንደር ይዤ ስቆጥር አስገርሞኛል። በእኛ ሥርዓት ከገና በፊት ያሉት ሦስት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ናቸው። ዘንድሮ ስብከት ታኅሣሥ 12፣ ብርሃን 19፣ ኖላዊ 26 ይውላሉ። ታኅሣሥ 12 ዱባይ ላይ አራተኛው ሻማ የሚበራበት እሑድ ነው። አንቺ ጋ አራቱም ሻማ በርቶ ሲያልቅ እናትሽ ጋ ገና ስብከት ነው። እናትሽ ግን ጾሙን የጀመረችው ኅዳር 15፣ የእናንተ የመጀመሪያ ሻማ ሳይበራ ነው። ቀድማሽ ተነሥታ ዘግይታ ትደርሳለች።

የሚጠበቀው ግን አንዱ ነው። በኖላዊ እሑድ «ኖላዊሁ ለእስራኤል አጽምዕ» እየተባለ ይሰበካል። የእስራኤል እረኛ ሆይ አድምጥ፣ መዝሙር 80። ላቲኖቹም ይችኑ መዝሙር በስብከተ ገና ይደግሟታል። የእምድብር ልጅ መቼም እረኛ ምን እንደሆነ አይነገራትም። አመሻሽ ላይ ከብቱ ሳይገባ ሲቀር በር ላይ ቆሞ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

የፊሊፒኖቹ ዘጠኝ ቀን ሲምባንግ ጋቢ ይባላል። ከዲሴምበር 16 እስከ 24 ነው። አገራቸው ላይ ገበሬው እርሻ ሳይወርድ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ይቀደሳል። ፓሮል የሚሉትን የኮከብ ፋኖስ ይሰቅላሉ። ዲሴምበር 16 ማለት ታኅሣሥ 7 ነው። ያ ቀን ደግሞ በእኛ ዘመነ ስብከት የሚገባበት ነው! ከቻልሽ አንድ ቀን እንኳ አብረሻቸው ቁሚ። ሲያበቃ የሩዝ ኬክ ይዘው የሚመጡ አይጠፉም፤ ወተት ካለው ግን እንግዲህ ከከረኩ ጋር አስቢው።

ገናን ሁለቴ ማክበር ኃጢአት የሚሆነው ሁለቴ ከተሰከረ ብቻ ነው። ዲሴምበር 25 ዘንድሮ ሐሙስ ነው፣ ታኅሣሥ 16። ከፈቀዱልሽ ሂጂ። ሥራ ከከለከለሽ ኃጢአት የለብሽም፤ በዚህ ኑዛዜ ገብተሽ አታልቅሺ። ታኅሣሥ 29 ደግሞ ረቡዕ ነው፣ መውጫ አታገኚም። በዋዜማው ሌሊት ስልክሽን ቻርጅ አድርጊ። እምድብር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ዱባይ 7 ነው። ወንድምሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስልኩን ከፍቶ ኪሱ ውስጥ ቢያስቀምጠው ቅዳሴው ይሰማሻል። ቄሱ እንዳያዩት ብቻ። ለነገሩ የጉራጌ ልጅ ለመስቀል እንጂ ለገና ይህን ያህል ስትጨነቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ጓደኛሽንም ሰላም በያት። እሷም ላቲን ሆና ሶዶ ላይ ገናን የምትበላው ታኅሣሥ 29 ነውና ብዙም አትኩራብሽ።

«እትዬ፣ እኔ የግዕዝ ሥርዓት ነኝ፣ እጮኛዬ የላቲን። ወንድሜ ከአሜሪካ የሚመጣው ለታኅሣሥ አጋማሽ ብቻ ነው። ያኔ መጋባት እንችላለን?» — ከአዲስ አበባ

በላቲን በኩል በስብከተ ገና ጋብቻ አልተከለከለም። ሙሽሮቹ ግን የወቅቱን ጠባይ እንዲያስቡ ቆሞሱ ይመክሯቸዋል፤ ጭፈራው ረገብ ይበል ለማለት ነው። በእኛ በኩል በጾም ሠርግ ልማድ አይደለም፣ ለቆሞስህ ካልነገርክ ቀን አትቁረጥ።

እኔ ግን ወጥ ቤቱን ነው የማየው። ከዘመድህ ግማሹ ኦርቶዶክስ ይሆናል፤ ይጾማል። ለእነሱ ሽሮና አትክልት፣ ለሌላው ክትፎ ልታቀርብ ነው? አንድ ድንኳን ሥር ሁለት ድግስ ደግሰህ ዕዳውን ለሁለት ዓመት ልትከፍል። የወንድምህን ትኬት ወደ ጥር አስቀይረው። ቅጣቱ ከሁለተኛው ድግስ ይረክሳል።

«ሐዋሳ የመዘምራን አባል ነኝ። ቆሞሳችን በስብከተ ገና ኪቦርዱንና ጊታሩን ቀንሱ፣ ‹ስብሐት ለእግዚአብሔር በአርያም›ን አትዘምሩ፣ የገና መዝሙርም እስከ ገና አይሰማ አሉን። ‹ሃሌ ሉያ› ግን ይፈቅዳሉ። ግራ ገባን። ጎረቤት ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ከአሁኑ በስፒከር እየዘመሩ ነው፤ ወጣቱ ጥሎን ሊሄድ ነው።»

ቆሞስህ ልክ ናቸው። ያወጡትም ከራሳቸው አይደለም። የላቲን ቅዳሴ መመሪያ በስብከተ ገና የሙዚቃ መሣሪያውም የመንበረ ታቦቱ አበባም በልክ ይሁን ይላል። በልክ ነው ያለው፣ ዝጉ አላለም። ኪቦርዱን ነቅለው ከወሰዱባችሁ በትሕትና አነጋግሯቸው። «ሃሌ ሉያ» የሚቀረው በዐቢይ ጾም ነው፤ ለዚህ ነው የፈቀዱት።

«ስብሐት ለእግዚአብሔር በአርያም» መላእክት በልደት ሌሊት ለእረኞች የዘመሩት ነው። አራት ሳምንት አፋችሁን ስትከለክሉት ያን ሌሊት ምን ጣዕም እንደሚኖረው ሞክራችሁ እዩት። ለድግስ የተጣለ ጠላ ሳይደርስ አይቀዳም።

ደግሞ ደርሶብኛል። አንድ ዓመት የእኛ መዘምራን ከታኅሣሥ መባቻ ጀምረው የገና መዝሙር አንቆረቆሩት። ሰው ጠገበ፣ ልጆቹም ጉሮሯቸው ተዘጋ። የገና ሌሊት ብቸኛ ዘማሪያችን ሳል ይዟት ዝንጅብል እያኘከች ቆመች። አጃቢዎቹም እንደ እሷ ሆነው ነበርና ከበሮው ብቻውን ሲደልቅ አደረ።

እስከዚያ መዝሙረ ዳዊትን በዜማ ያዙ። 80ኛውን፣ 25ኛውን። የገናውን ደግሞ ማክሰኞና ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ፣ በሩን ዘግታችሁ ተለማመዱ። ቆሞሱ በመስኮት ከሰሙም ዝም ይሏችኋል፤ እሳቸውም ናፍቋቸዋል።