ንቦቹን የጨረሳቸው ትሉ ነው?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር አቅራቢያ፣ ጣና ዳር አንድ ዘመናዊ ቀፎ አለኝ። ነሐሴ ላይ ንቦቹ በጣም ሳሱ፤ ሰፈፉ ላይ ድር የሠራ ትልም አየሁ። ትሉ ይሆን የጨረሳቸው? (ጀማሪ ንብ አናቢ)

መልስ፦ አይመስለንም። የሰም ትል የሚበረታው በደከመ ቀፎ ነው፤ ብርቱ መንጋ ራሱ ጎትቶ ያወጣዋል። መጀመሪያ ያደከማቸውን ይፈልጉ።

10 ሰዓት ገደማ ጥቂት አጭሰው የመሐሉን ፍሬም (ሰፈፉን የያዘውን የእንጨት ክፈፍ) ያውጡ። ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው የሰፈፉን ዓይኖች ወለል ይመልከቱ። በየዓይኑ አንድ አንድ ነጭ እንቁላል ካለ፣ ንግሥቲቱን ባያገኟትም ባለፉት 3 ቀናት ነበረች ማለት ነው። በአንድ ዓይን ሁለት ሦስት፣ ያውም ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ግን የሚጥሉት ሠራተኞቹ ንቦች ናቸው፤ ከዚያ የሚወጣው ድንጉላ (ወንድ ንብ) ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን መንጋ ለማዳን መድከም ብዙም አያዋጣም። እንቁላል ጭራሽ ከሌለ፣ ከብርቱ ቀፎ ትኩስ እንቁላል ያለበት ፍሬም ንቦቹን አራግፈው ይስጡ፤ ንቦችዎ ከዚያ ንግሥት ያሳድጋሉ፤ አዲሷ ንግሥት እንቁላሉ ከተጣለ በ16 ቀን ገደማ ትወጣለች።

እንቁላሉ ደህና ሆኖ ማር ከሌለ የክረምት ረሃብ ነው፦ 1 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠው ማታ ይስጡ፤ እንዳይሰጥሙ ስንጥር ጣል ያድርጉበት። ደጃፉ ላይ በአንድ ጊዜ የረገፈ ንብ ካዩ ደግሞ የጎረቤት ጫት ላይ የተረጨ መድኃኒት ይጠርጥሩ።

ድር ያለበትንና ንቦቹ መሸፈን ያቃታቸውን ሰፈፍ ያውጡ፣ ያቅልጡት።