«ጅብ ሰው ይፈራል» ለምትሉኝ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ ባሉ ወረዳዎች ከ30 ዓመት በላይ እንስሳትን ሳክም ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ በየቀበሌው አዲስ የተመደባችሁ ባለሙያዎችም ሆናችሁ ጎህ ሳይቀድ ለትምህርት የምትነሡ የገጠር ልጆች አንድ ጥያቄ ታነሡልኛላችሁ፤ አውሬ በተፈጥሮው ሰውን ይፈራል ወይ? ብዙዎቻችሁ ግን መልሱን ይዛችሁ ነው የምትመጡት። «ጅብ ፈሪ ነው፤ ጎንበስ ብለህ ድንጋይ ካነሣህ ይሸሻል» ትሉኛላችሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ ይህንኑ ለገበሬው እናገር ስለነበር አልፈርድባችሁም።

የመጀመሪያ ምድቤ በሆነው ክሊኒክ ጓሮ አንድ ፈፋ ነበረ። ታክሞ ያልዳነውን ከብት ጉድጓድ አስቆፍሮ ማስቀበር የእኔ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ሠራተኛ ጠፋ፣ ክረምቱ ከበደ እያልኩ ጥንቡን ወደ ፈፋው አስጥለው ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጅቦቹ የሚመጡት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር፤ ዘበኛው ሳል ሲል እንኳ ድራሻቸው ይጠፋል። ቆይቶ ምሽት ሦስት ሰዓት ሆነ፣ ከዚያም ሁለት። አንድ ቀን ለዓይን ያዝ ሲያደርግ የመድኃኒት መጋዘኑን ልቆልፍ ስወጣ፣ አንዲት ትልቅ ጅብ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ቆማ አገኘኋት። (ሴት ያልኳት በግዝፈቷ ገምቼ ነው፤ በጅብ ዘንድ ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፣ በሌላ ምልክት መለየቱ ግን ለሐኪምም ያስቸግራል።) አጨበጨብኩ። ቀና ብላ አየችኝና የያዘችውን የጭን አጥንት መልሳ ቆረጠመችው፤ ድምፁ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ይመስል ነበር። ድንጋይ ሳነሣ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች እንጂ ጀርባዋን አልሰጠችኝም። መጋዘኑን ሳልቆልፍ ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ፍርሃቷን በየሳምንቱ በጥንብ እየገዛሁ ያስጣልኳት እኔው ነበርኩ።

ፍርሃቱ የለም ማለቴ አይደለም። ሥጋ በል አውሬ ሐኪም የለውም፤ እግሩ የተሰበረ ነብርን እንደ በሬ ወደ ክሊኒክ የሚነዳው ሰው ስለሌለ ማደን ካቃተው በረሃብ ይሞታል፤ ስለዚህ ቀጥ ብሎ የሚሄደውን፣ ከሩቅ የሚወረውረውን ፍጡር ከመጋፈጥ መሸሽን ይመርጣል። ከፊሉም የሚወረስ ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. ሩሲያዊው የዘር ውርስ ተመራማሪ ዲሚትሪ ቤልያዬቭ ለቆዳቸው ከሚረቡ ቀበሮዎች መካከል ሰውን እምብዛም የማይሸሹትን እየመረጠ ማዳቀል ጀመረ፤ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ሰው ሲያዩ ጭራቸውን የሚቆሉ ግልገሎች ተወለዱ። በእኛ አገር የሆነው የዚህ ግልባጭ ይመስለኛል። አያቶቻችን አንበሳና ነብር ገድለው ሲፎክሩ፣ ቀድሞ በጥይት የሚወድቀው ደፈር ብሎ ወደ ሰው የሚቀርበው ነበር፤ ተርፎ የወለደው ጥሻ ውስጥ የተደበቀው ነው። በደቡብ አፍሪካ በክሩገር ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ በውኃ ዳር ድምፅ ማጉያ ተክለው የሞከሩና ውጤቱን በ2023 እ.ኤ.አ. ያሳተሙ ተመራማሪዎችም፣ ነብርና ጅብን ጨምሮ የዱር እንስሳት ከአንበሳ ድምፅ ይልቅ የሰዎችን ተራ ጨዋታ ሲሰሙ አብልጠው እንደሚሸሹ አይተዋል።

ይህ ሁሉ ግን አውሬው የሚያሰላው ሒሳብ ነው፤ ሒሳብ ደግሞ ይለወጣል። በሐረር ጀጎል ግንብ ሥር ከሰው እጅና አፍ ሥጋ የሚቀበሉት ጅቦች ከእኛዎቹ ጋር አንድ ዝርያ ናቸው። በሕንድ አገር በ1907 እ.ኤ.አ. የተገደለችውና 436 ሰው በላች የምትባለው የቻምፓዋት ታይገር፣ ስትመረመር የቀኝ ክራንቻዎቿ ተሰብረው ተገኝተዋል። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በትግራይ የተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በጅብ ኩስ ውስጥ የተገኘውን ፀጉር መርምሮ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት እርድ ሲቀዘቅዝ ጅቦቹ ወደ አህያ እንደሚዞሩ አሳይቷል። እኔ ይህን ሳላነብ በፊት የጾሙን መጋመስ የማውቀው ታፋቸው ተዘንጥሎ በሚመጡልኝ አህዮች ነበር። ቁስሉን አጥቤ አዮዲን ስቀባና ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ስወጋ፣ ባለቤቱ «ደጃፌ ላይ፣ እኔው ቤት ውስጥ እያለሁ!» እያለ ይገረማል። ያ ሰው ጅብ ይፈራኛል ብሎ አህያውን ውጭ አስሮ ያደረ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በጠራራ ፀሐይ መንደር ገብቶ ሰው ሲያይ የማይሸሽ ጅብ ወይም ቀበሮ ካያችሁ፣ ሰው ለምዷል ብላችሁ አትቅረቡት፤ በሽታው ፍርሃቱን ነጥቆት ሊሆን ይችላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በዚያው ቀንም ክትባት ወዳለበት ጤና ተቋም ይሂድ። ጠበሉንም ከክትባቱ ጋር አድርጉት እንጂ በክትባቱ ፋንታ አታድርጉት፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላልና።

ጅብን በመንገድ ብታገኙት አትሩጡ፤ የሚሮጥ ነገር ሁሉ ለእርሱ ታዳኝ ነው። ፊታችሁን ሳታዞሩ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ወደኋላ አፈግፍጉ፤ ትንንሾቹንም ከመካከል አድርጓቸው። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» ይባል የለ? የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ በእርግጥም የሚያነክስ ይመስላል፤ ብዙ ሰው የተሞኘው በዚህ አረማመዱ ነው።

ጥንቡን በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ከጀመርን በኋላ ጅቦቹ ወዲያው አልራቁም። ሁለት ክረምት ሙሉ በለመዱት ሰዓት እየመጡ ፈፋውን ያሸቱ ነበርና መጋዘኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚቆለፍ ሆነ። ከዚያ ወረዳ ስዛወርም ያቺ ትልቋ አንዳንድ ማታ ከፈፋው ጫፍ ቆማ በሩን ታየው ነበር።