ራም ነው ወይስ ሌላ? ስለሚወድቅ ኮምፒውተር የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ እየሠራሁበት ሳለ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ በራሱ ሪስታርት ያደርጋል። ጠጋኙ ራሙ ይቀየር ብሎኛል፤ ልግዛ?

መልስ፦ ገና አይግዙ። ራም ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃን ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል ነው፤ በቅድሚያ መለየት ያለበት ራሙ ሞልቶ ነው ወይስ ተበላሽቶ የሚለው ነው። ራም ሲሞላ ኮምፒውተሩ አስቀድሞ ይንቀራፈፋል፣ ዲስኩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ በመጨረሻም ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው አንድ ፕሮግራም እንጂ ማሽኑ በሙሉ አይደለም። የተበላሸ ራም ግን አስቀድሞ ምልክት አይሰጥም፤ ዛሬ ፋይል ሲገለብጡ፣ ነገ ደግሞ ምንም ሳይሠሩበት ይወድቃል፣ በሰማያዊው ገጽ ላይ የሚወጣው የስህተት ስምም በየጊዜው ይለያያል። እኔን ራሙን እንድጠረጥር የሚያደርገኝ ይህ መለያየት ነው። «ሜሞሪ ማኔጅመንት» የሚለው ጽሑፍ ስለወጣ ብቻ በራም መፍረድ አይገባም፤ የተበላሸ ድራይቨርም (ዊንዶውስ ከአንድ የኮምፒውተር ክፍል ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም) ይህንኑ ሊያወጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ እንዴት ልፈትሸው?

መልስ፦ በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው የቅንብር ፕሮግራም) ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው ቅንብር በርቶ ከሆነ መጀመሪያ ያጥፉት፤ ራሙን ከመደበኛው ፍጥነት በላይ ስለሚያስሮጠው ጤነኛውን ራም በሽተኛ ሊያስመስል ይችላል። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሜሞሪ ዲያግኖስቲክ ፈጣን ቢሆንም ስውር ጥፋት ያመልጠዋልና ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም በፍላሽ ጭነው፣ ኮምፒውተሩን በፍላሹ አስነሥተው ሌሊቱን ሲፈትሽ ያሳድሩት። አንድ ስህተት እንኳ ከተገኘ ችላ አይበሉት። በዚያ ሁኔታ የሚገለብጡት ሰነድም ሆነ ፎቶ ሳያስታውቅ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ በዚያ ማሽን ፋይል አያዘዋውሩ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ ገመዱን ነቅለው፣ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውንም አላቅቀው ራሞቹን አንድ በአንድ ይሞክሩ። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ወደ ሌላው ስሎት (የራም መሰኪያ) ከሄደ ጥፋተኛው ራሙ ነው፤ የትኛውም ራም ሲገባበት ስህተቱ በዚያው ስሎት ላይ ከቀረ ግን ጥርጣሬው ክፍሎቹ ሁሉ ወደሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ፣ ወደ ማዘርቦርዱ ይዞራል። አዲስ ራም መግዛት ይህ ከታወቀ በኋላ የሚደርስ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ 8 ጊጋ አስገብቼ ዊንዶውሱ የሚጠቀመው ከ4 በታች ነው።

መልስ፦ የጫኑት ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ከ4 ጊጋ በላይ ራም አይጠቀምም። ፕሮሰሰሩ የሚፈቅድ ከሆነ ባለ 64 ቢቱን ይጫኑ።

ጥያቄ፦ ለላፕቶፔ ያገለገለ ዲዲአር3 ገዛሁ። በትክክል ገባ፣ ላፕቶፑ ግን አልነሣም።

መልስ፦ ሁለት ተመሳሳይ የራም ዓይነቶች አሉ፤ ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት፣ ዲዲአር3ኤል ደግሞ በ1.35 ቮልት ይሠራል፤ ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ ያለ ችግር ይገባል። አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ያላቸው ብዙ ላፕቶፖች የሚቀበሉት ዲዲአር3ኤልን ብቻ ነው። የቀድሞውን ራም መለያ ወረቀት ሳያነቡ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ጥያቄ፦ የራሙን ጥርስ በላጲስ መጥረግ እውነት ይሠራል?

መልስ፦ ጥርሱ (ወደ ስሎቱ የሚገባው የብረት ጠርዝ) ቆሽሾ ወይም አቧራ ይዞ ከሆነ ይሠራል፤ «ሞቷል» የተባለ ራም በዚህ ሲነሣ አይቻለሁ። በቀስታ ይጥረጉት፣ የላጲሱ ፍርፋሪም ወደ ስሎቱ እንዳይገባ ይጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ ፈተናው ያለ ስህተት ቢያልቅም ጌም ስከፍት አሁንም ይወድቃል።

መልስ፦ እንግዲያው ራሙን ይተዉትና ሙቀቱን፣ የግራፊክስ ድራይቨሩንና ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ፓወር ሰፕላይ ይመልከቱ። በተለይ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚሠራ ከሆነ፣ አቅሙ የደከመ ፓወር ሰፕላይ ጭነት ሲበዛበት ልክ እንደ ተበላሸ ራም ማሽኑን ይጥለዋል።